የእናቴን ድምፅ የጠየቀችው ሴት

የእናቴን ድምፅ ሊወስዱባት እንደሆነ የሰማሁት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ነው። መኝታችንን ከሳሎኑ የሚለየው በር ሳይሆን መጋረጃ ነበር። መጋረጃው ከታች ስለሚያጥር እግሬ እንዳይታይ አልጋው ላይ ቆሜ ነው የማዳምጠው። አያቴ ለዚህ አመሌ "ጆሮ" የሚል ስም አውጥቶልኛል። "ጆሮ የት ሄደች?" ሲል እናቴ "የት ትሄዳለች፣ መጋረጃዋ ጋ ናታ" ትለዋለች። ስለዚህ ተደብቄ አዳምጥ ነበር ለማለት ይከብደኛል፤ ቦታዬ የታወቀ ነው። አንዳንዴ ብቻ ይረሱኛል።

ያን ዕለት ረስተውኛል። አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ፣ እናቴ ከፈተች፣ አንዲት ሴት ፈጠን ብላ ገባችና በሩን ራሷ መለስ አደረገችው። መጀመሪያ የጠላሁት ይህን ነው። የቤታችንን በር የምንዘጋው እኛ ነን እንጂ እንግዳ አይደለም። እናቴ የምትለብሰውን የአየር መንገዱን የደንብ ልብስ ለብሳለች፤ ሰማያዊ ጃኬት፣ ሰማያዊ ጉርድ፣ ቀይ ሻርፕ። እናቴ ግን ገና ደጃፉን ሳታልፍ ሻርፑን ከአንገቷ ፈትታ ወንበር ላይ ትወረውረዋለች። ይቺኛዋ ተቀምጣም፣ ሻይ ቀርቦላትም፣ ቤቱ ሞቋትም ሻርፑን አልፈታችውም። ደግሞ አታወራም፤ ታንሾካሹካለች። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኛ ብቻ ሆነን ሳለ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ድምፅሽን ብቻ ነው የምንፈልገው፣ እህቴ" አለቻት። "ሌላ ምንም አንጠይቅሽም።"

እናቴ የሻዩን ብርጭቆ ወደ እሷ እየገፋች፣ "ድምፄን ሰጥቼ ነገ በምን ልኖር ነው?" አለች።

"የሻንጣ ክፍሉን ድምፅ ይዘናል። የቲኬት ቢሮውንም እየሰበሰብን ነው። የቀራችሁት እናንተ የስልክ ክፍሎቹ ናችሁ።"

የሰው ድምፅ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሴትየዋ እግሯ ሥር ያስቀመጠችውን ጥቁር ቦርሳ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ትልቅ ነው። ሞልቷል ደግሞ።

ድምፅ ለምርጫ የሚሰጥም ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። በክፍላችን አለቃ የምትመርጠው አስተማሪያችን ነበረች፤ እሷም ሁልጊዜ ረጅሙን ልጅ ነው የምትመርጠው። እኔ የማውቀው ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣውን ነው። እሱ ደግሞ እኛ ቤት ቀልድ አልነበረም፤ የምንኖረው በእሱ ነው።

እናቴ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነበረች። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ቀኑን ሙሉ ከማታውቀው ሰው ጋር ትነጋገራለች፤ በረራው ከዘገየበት፣ ሻንጣው ከጠፋበት፣ የስሙ አንድ ፊደል ተሳስቶ ከአውሮፕላን ከቀረ ሰው ጋር። ደዋዩ ሁሉ የሚደውለው ተቆጥቶ ነው። የተቆጣውን ሰው አመስግኖ እንዲዘጋ ማድረግ የእሷ ሥራ ነው። ለዚህ የሚሆን ሌላ ድምፅ ነበራት፣ ለስለስ ያለ፣ እንደ ማርያም መንገድ ሰፋ አድርጎ የሚያሳልፍ። ቤት ውስጥ የምታወጣው ስትናደድ ብቻ ነው። አያቴ አንድ ቀን ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ቢያጉረመርም፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ "አስተያየትዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን፤ ለሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን" አለችው። አያቴ ከዚያ ወዲህ ጨውን ራሱ ይነሰንሳል።

ያ ድምፅ ከጥቂት ወራት ወዲህ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ጠዋት ደህና ነው፣ ከሥራ ስትመለስ ግን ግማሹ የለም። ሥራ ላይ ውሃ ለመጠጣት እጃቸውን አውጥተው እንደሚያስፈቅዱ ስትነግረን እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልክ እንደኛ ክፍል። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመልሳ ለአያቴ፣ "ዝም በይ አለኝ" ስትለው ደግሞ፣ እንዴት ያለ ባለጌ ሐኪም ነው ብዬ በገንኩ።

ሐኪሙ ባለጌ አልነበረም። ለሳምንታት አንድ ቃል ሳትተነፍስ ካላረፈች ድምፅዋ ጨርሶ እንደሚሄድ ነው የነገራት። አየር መንገዱ በበኩሉ የጉሮሮ ድካምን ከሕመም አይቆጥረውም። ትኩሳት ያለው ሰው ፈቃድ ያገኛል፣ እጁ የተሰበረ ያገኛል፣ ስታወራ ከርማ ድምፅዋ የጠፋባት ሴት ግን ከቀረች ወንበሯን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ብታወራ ድምፅዋን፣ ዝም ብትል ሥራዋን ልታጣ ነው። በቤቱ ደመወዝ የምታገባ እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ያን ጊዜ የማውቀው ባለ ሻርፗ በመጣች ቁጥር የእናቴ ድምፅ ይበልጥ እንደሚሻክር ነው። ሴትየዋ የምትመጣው ሁልጊዜ ከሥራ መልስ መሆኑን፣ ያን ሰዓት ደግሞ እናቴ ጭራሽ ማውራት የሚያቅታት ሰዓት መሆኑን ማን ይንገረኝ?

የተጠራጠርኩት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰውን በጎን መስታወት እንደሚያይ በዓይኑ ጠርዝ ነው የሚያየው። ሴትየዋ እንደወጣች መስኮቱ ጋ ሄዶ እስክትሰወር ተከተላት።

"ለምንድን ነው እንደ ሌባ የምታንሾካሹከው?" አላት እናቴን።

"ግድግዳው ስስ ነው ብላ ይሆናል" አለች እናቴ። ብርጭቆውን እያነሳች ደግሞ፣ "ወይም አለቆቻችን ልከዋት ይሆናል። እኔን ልታውጣጣ።"

ከዚያ ስለ ቀጭኗ አወራችለት። ቀጭኗ የሚሏት ልጅ አብራት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት እጇን እየታጠበች፣ "የሠራተኛ ማኅበር ብናቋቁም እኮ እንዲህ አንሆንም" አለች። በማግሥቱ ወንበሯ ላይ የማትታወቅ ሴት ተቀምጣ ተገኘች። ያን ጊዜ እዚያ የነበሩት ጥቂት ሴቶች ናቸው፣ እናቴ አንዷ ነች። እናቴ አልተናገረችም። ታዲያ ማን ተናገረ? ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል፣ እጃቸውን ሲታጠቡ እንኳ ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። አሁን ደግሞ ይቺ ከሻንጣ ክፍል ነኝ የምትል፣ ማንም በቅጡ የማያውቃት ሴት ቤት ድረስ መጥታ ስለ ማኅበር ታወራለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። እናቴም ሴትየዋን አታምናትም። ጥሩ፣ አልኩ ለራሴ።

በሁለተኛው መምጣቷ ቦርሳዋን በር አጠገብ ትታ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ከመጋረጃው ወጥቼ ተንበረከክሁና ጆሮዬን ቦርሳው ላይ ለጠፍኩ። ዝም አለ። ቀስ ብዬ ነቀነቅሁት። ውስጡ የሆነ ነገር ቅጭልጭል አለ፣ ብዙ ሆኖ፣ ደቃቅ ሆኖ። የሰው ድምፅ ሲታሸግ እንዲህ ሊያንስ መቻሉ አስፈራኝ። የእናቴን ለይቼ እሰማው እንደሆነ ደግሜ ነቀነቅሁት።

"ምን ፈለግሽ፣ የኔ ቆንጆ?" አለችኝ ከጀርባዬ፣ በዚያው ሹክሹክታዋ።

"ምንም።"

ቦርሳውን ከፈተችና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣች። የጉሮሮ ከረሜላ ነበር። አንዱን አንስታ ሰጠችኝ። እንቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀበልኳት፣ ተቀብዬም መጋረጃዬ ጀርባ ገብቼ በመስኮት ጣልኩት። እሱን የሚበላ ልጅ ምን እንደሚሆን አውቄያለሁ ብዬ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ የእናቴ አለቃ መጣ። ከዚያ በፊት ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዟል፣ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ድምፁ ቤቱን ሞላው። እንደ ሰው ነው የሚያወራው፣ እየሳቀ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማው። እዚያው "ጋሼ ብርቱካን" የሚል ስም አወጣሁለትና በልቤ ወደድኩት። አያቴን "አባቴ" አለው። አያቴም "ምን እንርዳህ፣ ጌታው" አለው። ጌታው ሲል አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ብርቱካን የመጣው እናቴን ሊያመሰግን ነው። እሷን የመሰለ ድምፅ በክፍሉ እንደሌለ፣ ደንበኞች ሳይቀር እንደሚያውቋት ነገረን። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ቀረብ አደረገ።

"የሰው ወሬ ይደርሰኛል" አላት። "ድምፅሽን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ አሉ። የእኔ ምክር ለማንም እንዳትሰጪ ነው። ድምፅሽ የእኛ ሀብት ነው።"

ይህን ስሰማ ከመጋረጃው ወጥቼ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ አንድ ያወቀልን ሰው ተገኘ!

ሐሳቡም ጥሩ ነበር። አየር መንገዱ አዲስ የስልክ መስመር ሊያስገባ ነው። ሰው ሲደውል መጀመሪያ የሚያነሳው ማሽን ይሆናል፤ "ለበረራ ሰዓት አንድን ይጫኑ፣ ለሻንጣ ሁለትን ይጫኑ" የሚለው ድምፅ የእናቴ እንዲሆን ይፈልጋል። ስቱዲዮ ገብታ አንድ ጊዜ ትቀዳለች፣ ከዚያ ድምፅዋ ለዘላለም ይቀመጣል። እሷም ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለ የቢሮ ሥራ ላይ ትመደባለች። ቀረጻው የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጉዳይ እንዳለ ታውቅ እንደሆነ በዓይኑ ፊቷን ፈተሸ። እሷ ጣቷን ነው የምታየው።

"ላስብበት፣ ጋሼ" አለች። "እርስዎ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።" በስልኩ ድምፅ ነበር የመለሰችለት፤ የተረፋትን ሁሉ ሰብስባ።

ሲወጣ እኔን አየኝ። ብርቱካን ልጦ ሰጠኝና ጉንጬን ነካ አድርጎ፣ "እንግዳ ይበዛባችኋል፣ ማሙሽ?" አለኝ። ማሙሽ የሚባለው ወንድ ልጅ ነው፤ ላርመው አፌን ብከፍት በብርቱካን ተሞልቷል። አያቴ መሐላችን ገባና፣ እኛ ቤት የሚመጣ ሰው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ደስ ብሎት እንደማይመጣ ነገረው። ጋሼ ብርቱካን ሳቀ፣ ሄደ።

ሰውየው ሲሄድ አያቴ የቀሩትን ብርቱካኖች አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸው፣ ምን እንደሚፈልግ ግን አላውቅም። እናቴ፣ "ቢሮ አስቀምጣለሁ አለኮ" አለችው። እሱም፣ "ድምፅሽን ከወሰዱ በኋላ አንቺን ምን ያደርጉሻል?" አላት። እኔ ነገሩ ተምታታብኝ። ድምፅዋን የሚወስዱት ሌሎቹ አልነበሩም እንዴ? ጋሼ ብርቱካን እኮ የሚፈልገው ቅጂውን ነው፤ ቢጠፋም መጠባበቂያ ይኖራል።

አያቴ ልክ ነበር። በኋላ መስመሩ በሌላ ሴት ድምፅ ሥራ ጀመረ፣ ማሽኑ ብዙውን ጥሪ ራሱ መመለስ ሲጀምር የስልክ ክፍሉ ግማሽ ወንበር ባዶ ሆነ። ያቺን ድምፅዋን የሰጠች ሴት ቢሮ አስገብተዋት እንደሆነ ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ድምፅዋን የፈለጉት እሷን እንዳይፈልጉ ነው።

ባለ ሻርፗ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። እናቴ በዚያን ቀን ሻይ እንኳ አላቀረበችላትም። አያቴ ከመስኮቱ አልተነሳም። ሴትየዋ ምርጫው ቅዳሜ ጠዋት እንደሆነ፣ ከስልክ ክፍሉ ጥቂት ድምፅ ከተገኘ ማኅበሩ እንደሚቆም፣ ካልተገኘ ግን ሁሉም ነገር እንደሚበተን በሹክሹክታዋ ተናገረች። ማኅበሩ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠይቀው የጉሮሮ እረፍት ከሕመም ፈቃድ እንዲቆጠር ነው አለች። ልክ እናቴን የሚያስፈልጋትን ነገር ነው የጠራችው፣ እናቴን ይበልጥ ያስጠረጠራትም ይህ ነው።

"የኔን ሕመም ማን ነገረሽ?" አለቻት። "አለቃዬ አንቺ በመጣሽ በጥቂት ቀን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ማን ልኮሽ እንደምትመጪ አላውቅም። እባክሽ ተይኝ፣ ልጅ አለችኝ።"

ልጅ አለችኝ ስትል ተራዬ እንደደረሰ ገባኝ። ከአልጋው ወርጄ፣ መጋረጃውን ገልጬ፣ ሳሎኑ መሐል ቆምኩ። ሌባም ብትሆን ታላቅን አንቱ ማለት ተምሬያለሁ።

"እትዬ፣ የእናቴን ድምፅ አይውሰዱባት" አልኳት። "የኔን ይውሰዱ።"

ሴትየዋ አልሳቀችብኝም። እንደ ትልቅ ሰው አየችኝና፣ "ያንቺ ገና ነው" አለችኝ። "ዕድሜሽ ሲደርስ እንቀበልሻለን።"

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ነች። ምን ይዤ ስጨነቅ እንደከረምኩ በአንድ ጊዜ ገባትና ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ እንቢ ብሎ ቆየ። ሲተዋት ልትናገር አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተችው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗ ፈጠጠ።

ሴትየዋ ተነስታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከዚያ ያን የማትፈታውን ሻርፕ ፈታችው። ጉሮሮዋ ላይ አግድም የሄደ የስፌት ምልክት ነበር፣ ያረጀ፣ ከቆዳዋ የነጣ።

"እኔንም እንዲህ ነው የጀመረኝ" አለቻት። "አንቺ ሳትመጪ ስልክ ክፍል ነበርኩ። ቀዶ ሕክምናውም ሳይመልሰው ጨርሶ ሲጠፋብኝ ሻንጣ ክፍል ወረወሩኝ፤ ለሻንጣ ሹክሹክታ ይበቃዋል። ሕመምሽንም የነገረኝ የለም፣ በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍተሽ ግቢ ስትዪኝ ሰማሁት። የማንሾካሹከው ሰው እንዳይሰማኝ አይደለም፣ እህቴ። ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።"

አያቴ ከመስኮቱ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። እናቴ እጇን ከራሷ ጉሮሮ አንስታ የሴትየዋን እጅ ያዘች። ሁለቱም ዝም ብለው ተቀመጡ፤ አንዷ አትችልም፣ ሌላዋም የቀራት ያንን ያህል ነው። ዛሬ ሳስበው በዚያ ቤት ውስጥ እርስ በርስ መጠራጠር ያቆሙት በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል።

እኔ ግን አላቆምኩም። እኔ ያየሁት የተሰፋ ጉሮሮ ነው። ድምፅ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው ማለት ነው! የእሷን ወስደውባታል፣ እሷም አሁን የሌላውን ትለቅማለች። ሌሊቱን አንገቴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የተኛሁት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የደንብ ልብሷን ለበሰች። ድምፅዋ በመጠኑ ተመልሶላት ነበር፣ እንደ ክር ቀጥኖ። ወደ ስቱዲዮ ሂጂ፣ ቶሎ በይ፣ ሳያልቅ ይቅዱት እያልኩ ጫማዋን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። አብሬያት እንድሄድ ስትፈቅድልኝ ሐሳቤን የተቀበለችኝ መሰለኝ። አውቶቡሱ ግን ወደ መሐል ከተማ አልታጠፈም፣ ወደ አየር ማረፊያው ቀጥ ብሎ ሄደ። እጇን ሳብኩት። እሷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች።

ሠራተኞች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ደጃፍ ላይ ጋሼ ብርቱካን ቆሟል። ምንም አያደርግም፤ የሚገባውን ሰው ፊት እያየ ቆሟል ብቻ። ሰዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹ እሱን ሲያዩ የረሱት ነገር ትዝ ያላቸው መስለው ይመለሳሉ። እናቴ ወደ እሱ ቀጥ ብላ ሄደች።

"ስቱዲዮው እኮ እየጠበቀሽ ነው" አላት። "መኪና ልስጥሽ?"

አፏን ከፈተች። ልትመልስለት የፈለገችው ነገር ነበር፣ ግን ክሩ ተበጠሰ። ስለዚህ ፈገግ አለችለት፣ እንደሚገባ እጅ ነሳችው፣ አልፋው ገባች። እኔን ኮሪደሩ ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። በተከፈተው በር ሠራተኞቹ ተሰልፈው ወደ አንድ ሣጥን ሲጠጉ አያለሁ። ወረቀት ያጥፋሉ፣ ይከታሉ። ባለ ሻርፗ ከሣጥኑ ራቅ ብላ ቆማለች፣ ማንንም አታናግርም። እናቴ ወረቀቷን ከመክተቷ በፊት ወደ አፏ ያስጠጋችው መሰለኝ። ምናልባት ግንባሯን እየጠረገች ይሆናል።

ስትወጣ ሮጬ ያዝኳት። "ሰጠሻቸው?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"እስቲ ተናገሪ።"

ልትናገር ሞከረች፣ ምንም የለም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ በረጅሙ አለቀስኩ። የሚያልፉት ሰዎች የራበኝ መስሏቸው ይሆናል፣ አንዷ ብስኩት ሰጠችኝ።

በልጅነት ትዝታዬ እናቴ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ድዳ ሆና ቤት ተቀመጠች። እውነቱ እንዲያ አይደለም። በመካከሉ አንድ ክረምት አልፏል። ማኅበሩ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ቆመ፣ አየር መንገዱ አልቀበልም አለ፣ በኋላ ተቀበለ፣ ጋሼ ብርቱካን ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ። እናቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ በዚያው በቀጠነ ድምፅ ሥራ ላይ ነበረች፣ ሰው ሲጮኽባት እያመሰገነች። ከዚያ ነው ማኅበሩና አየር መንገዱ የመጀመሪያውን ስምምነት ያደረጉት፣ እናቴም ሥራዋም ደመወዟም ሳይነካ ሐኪሙ ያዘዘውን ዝምታ ይዛ ቤቷ የተቀመጠችው። እኔ ይህን ሁሉ ዘልዬ ነው የማስታውሰው። ድምፅዋን ሰጠች፣ ዝም አለች፣ በቃ።

የዝምታው ጊዜ ቤታችን እንግዳ ሆነብኝ። ስትፈልገኝ ታጨበጭባለች። ሱቅ ስንሄድ እጇ ያሳየኝን እኔ እናገርላታለሁ። አያቴ ወጡ ቀጠነ ሲል መልስ የሚሰጠው ስለጠፋ ማጉረምረም ሰለቸው። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ራሴን ትዳብሰኛለች፣ አንድ ቃል አትናገርም። ፊቷ ግን ያረፈ ሰው ፊት ነበር፣ ጉንጯም ሞላ። ይህንንስ ለምን እንዳላስተዋልኩት አላውቅም። ተዘርፋለች ብዬ ስላመንኩ ይሆናል።

እንደዚያ ሆነን ሳለን ነው ባለ ሻርፗ ልትጠይቃት የመጣችው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አላስገባም አልኳት። በሩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሽቅብ እያየኋት፣ "ይመልሱላት" አልኳት። "የእናቴን ድምፅ ይመልሱላት። ወስደው ምን አደረጉበት?"

ሴትየዋ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከመንገዱ የመኪና ጩኸት ይመጣል፣ በዚያ ላይ የምትለው ነገር ሊሰማኝ አልቻለም። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም አልተሰማኝም። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ፣ "አልሰማሁም! ይናገሩ!" አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። የማኅበሩ ስምምነት ለእሷ እንዳልደረሰላት፣ የእሷ ጉሮሮ እረፍት የሚመልሰው እንዳልነበረ፣ ለሌሎቹ ብላ በየቤቱ በር እያንኳኳች ስትዞር የከረመችው የራሷ ካለቀ በኋላ እንደሆነ ማን ሊነግረኝ ይችላል? ከሁሉም በላይ ልትነግረኝ የሚገባት እሷ ነበረች፣ እሷ ደግሞ የመኪና ጩኸት የሚያህል ነገር ማለፍ አትችልም።

የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ዞር ብዬ አየኋት። ሐኪሙ የሰጣት ቀን ገና አላለቀም ነበር።

"ልጄ፣" አለች። "እሷ የኔን አልወሰደችም። የራሷን ነው የሰጠችኝ።"

ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የወጣው ድምፅ የማውቀው የእናቴ ድምፅ አልነበረም። ወፍራም ነው፣ ሻካራ ነው፣ ከሥር የሚመጣ ነው፤ ዛሬም ያው ነው። ከእሷ አንደበት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ አመንኳት። የሌላ ሰው ነው፣ ግልጽ ነው። ባለቤቲቱም ይቺው፣ በራችን ላይ ቆማለች፣ አውጥታ ስለሰጠችው ነው እኮ እሷ ምንም የሌላት።

በሩን ለቀቅሁላት። ስትገባ እጇን ይዤ ወደ ጆሮዋ ተንጠራራሁና አመሰገንኳት፤ በሹክሹክታ፣ ጮክ ብዬ ብናገር የሚያማት መስሎኝ።